ጋሼ ንጉሤ የጠገኑት ኮት

ይህ የገጠመኝ መቱ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀረጻ ላይ ሠርቻለሁ፤ ግን አዲስ ሥራ ጀምሬ ማስታወሻ ደብተሬን በከፈትኩ ቁጥር ያ ቅዳሜና እሁድ ትዝ ይለኛል። አንዲት ውሸት ዋሽቼ ነበር፤ ዕዳዋ ያረፈው ግን በሌላ ሰው ላይ ነው።

አጭር ፊልም ለመሥራት የተነሳነው አራት ሆነን ነው። ታሪኩን የጻፈው ጫላ ዳይሬክተር ሆነ። ሐያት ካሜራ ያዘች። ዮናስ ማይኩን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ አስሮ ድምፅ ይቀዳል። እኔ ኮንቲኒዩቲ ነበርኩ። ሥራው ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል፦ ተዋናዩ ምን እንደለበሰ፣ ስንት ቁልፍ እንደቆለፈ፣ ጸጉሩ በየት በኩል እንደተበጠረ መዝግቦ በሚቀጥለው ቀን ሳይለወጥ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ፊልም ተቆራርጦ ስለሚቀረጽ፣ ከቤቱ ጢም ይዞ የወጣ ሰው ደጃፉ ላይ ተላጭቶ ከታየ ተመልካች ይስቃል። ሥራው ለእኔ የተሰጠኝ ዓይኔ ምንም ስለማያመልጠው ነው። ይህን ስል ጉራ አይደለም፤ እውነት ነው።

ታሪኩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። ጋምቤላ ሄዶ ለዓመታት ድምፁ የጠፋ ልጅ ለአባቱ ይደውልና «ከሰዓት እገባለሁ» ይላል። አባት መናኸሪያ ሄደው ይጠብቃሉ። ልጁ አይመጣም።

አባት ሆነው የሠሩልን ጋሼ ንጉሤ ናቸው፤ ገበያው ዳር ያሉ ልብስ ሰፊ። መቱ ውስጥ ዩኒፎርም ለብሶ የተማረ ሁሉ የእሳቸውን ስፌት ለብሷል፤ እኔም ጭምር። አንድ የታወቁበት ነገር ነበራቸው፤ ልኬት አይጽፉም። ሜትሩን ትከሻና ወገብ ላይ አሳርፈው ያነሱታል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ሰው ከሁለት ወር በኋላ ጨርቅ ቢልክላቸው እንኳ ሳይለኩ ይሰፉለታል። በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ደንበኛውም ይኮራባቸው ነበር።

በዚያ ሰሞን የበዓል ሥራ በዝቶባቸው ሳይላጩ ከርመዋል። ጫላ የመረጣቸውም ያን ሽበታም ጢም አይቶ ነው። ኮቱን ከአጎቱ ቤት አመጣላቸው፤ የግራ ኪሱ የተገነጠለ፣ ክርኑ የተቀደደ፣ ከሦስት ቁልፎቹ አንዱ ብቻ የቀረ ነበር። ጋሼ ኮቱን ገልብጠው ውስጡን አዩና «ጨርቁ ጥሩ ነበር፤ ባለቤቱ ነው የበደለው» አሉ። ሳቅን።

ቅዳሜ የቤት ውስጡን ቀረጽን። ጋሼ ስልኩን አንስተው የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን በቃል መናገር አልችልም። እኔ ሁሉንም መዘገብኩ፤ በስልኬም ፎቶ አነሳኋቸው። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ነገም ይህንኑ ኮት እንዳለ ለብሰው፣ ጢምዎን ሳይነኩ ይምጡ» ማለት።

አላልኩም። ደጋግሜ አፌን ከፈትኩ። ግን በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ቡትቶ ለብሰው፣ ሳይላጩ ገበያ መሃል ይውጡልኝ» እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ሲወጡም ማካፋት ጀምሮ ስለነበር ኮቱን ያውልቁ ለማለት አፈርኩ። «ነገ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ እንገናኝ፣ ጋሼ» ብያቸው ተለያየን። መቼም ያውቁታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እሁድ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ሳያቸው ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የቅዳሜውን ገጽ ገለጥኩ። ጋሼ ንጉሤ ሙልጭ ብለው ተላጭተዋል። ኮቱ ተጠግኗል። ኪሱ ተሰፍቷል፣ ክርኑ የት ጋ ተቀዶ እንደነበር አይታወቅም፣ ሦስት አንድ ዓይነት ቁልፎች ተደርድረውበታል። ተተኩሷል። ጫማቸው ያብረቀርቃል።

«መቱ ሙሉ ነው የሚያየኝ» አሉ ፈገግ ብለው። «ልብስ ሰፊ የተቀደደ ለብሶ ይውጣ?»

ጫላ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ያ ረቢ! ማል ጎና? ምን ልናደርግ ነው አሁን?» ሲጨንቀው ኦሮምኛና አማርኛ ይቀላቅላል። የሚጨነቅበትም ነበረው፤ የመናኸሪያው ፈቃድ ለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ካሜራውም ከፎቶ ቤት የተዋስነው ስለሆነ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። ጢም እስኪያድግ የሚጠብቀን የለም። ወደ እኔ ዞረ።

«ነግረሻቸው አልነበረም?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ወዲያው መመለስ እችል ነበር፤ ግን አልመለስኩትም። ጋሼ ንጉሤ አዩኝ። ረጅም አልነበረም፤ ልኬት ሲወስዱ እንደሚያዩት ዓይነት ነው። ከዚያ ወደ ጫላ ዞሩ።

«ነግራኛለች። እኔ ነኝ የረሳሁት። እርጅና ነው ልጄ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

ያዳነችን ሐያት ናት። ካሜራውን ከዓይኗ ሳታወርድ «እኔ ምለው» አለች፣ «ልጁ ይመጣል የተባለ አባት እንዲህ አይደል የሚሆነው? ተላጭቶ፣ ቀዳዳውን ጠግኖ ነው እንጂ ልጁን በቡትቶ ይቀበላል እንዴ?»

ጫላ እጁን ከራሱ ላይ አወረደ። ጊዜ አላጠፋንም። መጀመሪያ ጋሼ ሱቅ ሄደን ከሲንጀር የስፌት መኪናቸው ፊት አስቀመጥናቸውና ያንኑ ኮት ገና የሚጠግኑ መስለው ሲሰፉ ቀረጽን። ከዚያ መናኸሪያ ተመለስን። የጋምቤላ አውቶቡስ ሲገባ ጋሼ ተነስተው ኮታቸውን አስተካከሉ። ሰው ወርዶ አለቀ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ጋሼ የመጨረሻውን ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፉት፤ ይህን ማንም አላላቸውም። ዮናስ ማይኩን ይዞ አለቀሰ። ፊልሙ ከተጻፈው ይልቅ እጅግ በለጠ፤ ሁላችንም አወቅነው።

ደስታው ግን ለእኔ አልቆየም። ጫላ ወሬ አሳማሪ ነው። «ጋሼ ረስተው ተላጭተው መጥተው ፊልሙን አሳመሩልን» እያለ በየካፌው አወራ። በክፋት አልነበረም፤ ስለሚወዳቸው ነው። ወሬው ግን ገበያ ደረሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ ሱቅ ጎራ ስል አንዲት እናት ከሙሽራዋ ልጃቸው ጋር የሠርግ ጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ጋሼ ልጅቷን ለክተው ሜትሩን አንገታቸው ላይ ሲያደርጉ ሴትዮዋ «ጋሼ፣ እባክዎ ይጻፉት» አሉ።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ልኬቱን ነዋ። አሁን አሁን ይረሳሉ ሲሉ ሰማሁ። የሠርግ ነገር ስለሆነ ነው፣ አይቀየሙኝ።»

ጋሼ አልተቀየሙም። የካርቶን ቁራጭ ፈልገው ጻፉ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው። ሴትዮዋ አጎንብሰው ቼክ አደረጉት። ጋሼ ቀና ሲሉ እኔን በር ላይ አዩኝና «ግቢ ልጄ» አሉ እንደ ወትሮው። ገብቼ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስወጣ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ሰውየው ለእኔ ብለው የሰጡት ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንጀራቸውና ስማቸው ነው።

ፊልሙ በወጣቶች አዳራሽ የታየው በዚያው ሳምንት ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሼ ፊት ወንበር ላይ፣ የሠርጉ እናት ደግሞ ከልጃቸው ጋር መሃል ላይ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ጫላ መድረክ ላይ ወጣና ያንኑ ወሬ ጀመረ። «ኮንቲኒዩቲያችን ነግራቸው ነበር፤ ጋሼ ግን ረሱት…» ሰው ሳቀ። ጋሼም አብረው ሳቁ።

ተነሳሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ዛሬም በኩራት እናገራለሁ።

«ጋሼ ንጉሤ ምንም አልረሱም» አልኩ። «እኔ አልነገርኳቸውም። ስጠየቅ ነገርኳቸው ብዬ ዋሸሁ። እሳቸው እኔን ለመሸፈን ነው ረሳሁ ያሉት። የሚረሱ ሰው አይደሉም።»

ጫላ ማይኩን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ግን የማየው የሠርጉን እናት ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጋሼ ጀርባ ይመለከታሉ።

ስንወጣ ጋሼ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ለምን እንደሸፈኑልኝ ጠየቅኳቸው።

«ልጅ በሰው ፊት አይዋረድም» አሉ። «ሱቅ መጥተሽ ለብቻዬ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትናገሪያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።» እጄን ያዙ። «ገለቶሚ።»

ማመስገን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አለቀስኩ።

በማግስቱ የሠርጉ እናት ሱቃቸው ሄደው ነበር አሉ። ለራሳቸው ሁለተኛ ጨርቅ ይዘው ሄደው ትከሻቸውን አስለክተዋል። ይጻፉት አላሉም።

ጫላ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ታሪክ ጽፎ መጣና «ኮንቲኒዩቲ አንቺ ነሽ» አለኝ። ያን ሥራ ይዤው ቀረሁ፤ እችልበታለሁም። ከእኔ ጋር የሚሠራ አንጋፋ ሁሉ «ጋሼ፣ ነገ እንዳይላጩ፤ እትዬ፣ ቀሚስዎን እንዳያጥቡት» እያልኩ ፊት ለፊት ስነግረው ይስቃል እንጂ የተቀየመኝ የለም። ያኔ ዝም ያልኩት ጋሼን አክብሬ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የፈራሁት ስለራሴ ነው። በውሸቴ አሁንም አፍራለሁ። ከወንበሬ በመነሳቴ ግን አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም።