የአሳንሰር ጠጋኙ የዳገት ቦርሳ

ሰው በእግሩ ፎቅ እንዳይወጣ ሲደክሙ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ የአሳንሰር ጠጋኝ፣ ስድሳን ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው ዳገት ሊሮጡ ተነሡ። ወሬውን የሰሙ የሥራ ባልደረቦቻቸው ለሰሞኑ ሌላ ጨዋታ አልነበራቸውም። ቀድሞውንም «ጋሽ ሽቅብ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበርና፣ ስሙ በስተርጅና ሥራ አገኘ ተባለ። እሳቸው አልሳቁም፤ አልተቀየሙምም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያስቃቸውም የሚያስቀይማቸውም ነገር አልተገኘም።

ይህን ሐዘን ብሎ ለመጥራት ያስቸግራል። ሐዘንተኛ ያለቅሳል፤ ይከሳል፤ አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያድራል። ጋሽ ሽቅብ ግን በሰዓቱ ይበላሉ፤ በሰዓቱ ይተኛሉ፤ የሞተር ድምፅ ሰምተው የትኛው ማርሽ እንደተበላ እንደ ወትሮው ይናገራሉ። በቀብሩ ዕለት ሊያጽናና የመጣውን ሁሉ በተራ ሲጨብጡ ላያቸው፣ እንግዳ ለመሸኘት በር ላይ የቆሙ የሆቴል ሠራተኛ ይመስሉ ነበር።

መነጽር ቤት የምትሠራው አንድያ ልጃቸው ይህን ታግሣ ኖረች። እሑድ እሑድ እየመጣች ሳሎኑ ውስጥ ከአባቷ ትይዩ ትቀመጣለች። ሻይ ይቀርባል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ብርጭቆ ይነሣል። የሚለዋወጡት ቃል በአንድ ትንፋሽ ተነቦ የሚያልቅ ነበር። አንድ እሑድ ታዲያ ኮቷን እየለበሰች፣ ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ እንዲህ ተፋጥጦ መቀመጥ እንደበቃት ነገረቻቸው። እሷ ከከተማው ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ትሮጣለች። በሚቀጥለው እሑድ አብረዋት ቢወጡ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ከእንግዲህ ለምን እንደምትመጣ ለራሷም አልገባትም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጋሽ ሽቅብ ቆመው ቀሩ። ልጅቱ ከቀረች በዚያ ቤት ማን እንደሚቀር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። በማግሥቱ ወደ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄዱ።

ባለመደብሯ ጉልበቷ ተጎድቶ ሩጫ ያቆመች፣ ምላሷ ግን ሩጫውን ያላቆመ ሴት ነበረች። ለጀማሪ ብዙ ዕቃ እንደማያስፈልገው ገለጸችላቸው። ጫማው ጭቃና ጠጠር የሚነክስ ጥርሳም ሶል ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ከአውራ ጣት ፊት ጥቂት ቦታ ይትረፍ። ካልሲው ላብ ይዞ እግር የሚልጥ ጥጥ አይሁን። ነፋስ የሚመልስ ስስ ጃኬትና ውሃ ይጨመር። የቀረውን ኮረብታው ራሱ ያስተምራል። ጋሽ ሽቅብ በጥሞና አዳመጡና ከሁሉም ሁለት ሁለት እንዲሆንላቸው ጠየቁ።

በሙያቸው ሕግ ምንም ነገር በአንድ ገመድ አይንጠለጠልም። ገመዱ ቢበጠስ ሌላ ገመድ አለ፤ ገመዶቹ ሁሉ ቢከዱ ብሬክ አለ። ሕጉን ከአሳንሰር ውጭም ሞክረውት ያውቃሉ። ሐኪሙ ለባለቤታቸው የተሰጠው መድኃኒት እንዳልሠራ በነገራቸው ጊዜ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ሁለተኛውስ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ሐኪሙ መሬት መሬቱን አየ። ልጃቸውም አጠገባቸው ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ካልሲው እሺ» አለች ባለመደብሯ። «ሁለት ጥንድ ጫማ ምን ያደርግልዎታል?»

«አንዱ ቢበላሽ። በአሳንሰር ሥራ እንዲህ ነው።»

«ጫማ እኮ ፎቅና ፎቅ መሃል አይቆምም።»

ሁለተኛውን የፊተኛው ሲያልቅ እንዲገዙ ለመነቻቸው። ነጋዴ ደንበኛውን እባክህ አትግዛ እያለ ሲማጸን በዚያ መደብር ከዚያ በፊት የታየ አይመስልም። አልሰሟትም፤ እንዲያውም የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ኮፍያ አስጨመሩ፤ እነሱንም ጥንድ ጥንድ።

እሑድ ጠዋት ልጅቱ ከኮረብታው ግርጌ ስትጠብቃቸው፣ በመጀመሪያ ያየችው ቦርሳውን ነው፤ አባቷን ከሥሩ ያገኘቻቸው ቆይታ ነው።

«አባዬ፣ ልትሮጥ ነው ልትሰደድ?»

ዳገቱን ጀመሩ። ጋሽ ሽቅብ ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ ቦርሳው በራሱ ሐሳብ ወደ ጎን ይሄዳል። ልጅቱ ቀድማ ትቆማለች፤ ሲደርሱባት ትቀድማለች፤ ደግሞ ትቆማለች። በመጨረሻ ፊቷን አጥቁራ ተመለሰች፤ ቦርሳውን ከጀርባቸው አውርዳ ከፈተችው። በጠራራ ፀሐይ ሁለት ባትሪ ስታገኝ ሳቀች። ሁለቱን ፊሽካዎች ስታወጣም ሳቀች። ትርፉን ኮፍያና ትርፉን ጃኬት ስታወጣ እጇ እየዘገየ ሄደ፤ ያልተነኩትን ጫማዎች ጉልበቷ ላይ አደረገቻቸው።

«ለእማዬ ነው?»

«ለማንም አይደለም። አንዱ ቢበላሽ ብዬ ነው።»

እሷም እንደዚያ ሐኪም መሬት መሬቱን አየች። ጋሽ ሽቅብ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«ማልቀሱን ሞክሬዋለሁ» አሉ። «አይመጣም። ምንም አይሰማኝም፤ ለምን እንደሆነም አላውቅም። አንቺ እንዳትቀሪብኝ ግን እፈልጋለሁ።»

ልጅቱ ትርፉን ዕቃ ሰብስባ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ሸጎጠችው። ሌባ ቢያገኘውስ ብለው ሲጨነቁ፣ «ይሩጥበታ» አለችና ባዶ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ቦርሳ ጀርባቸው ላይ አስተካከለችላቸው።

ሩጫው በእግር መንገድ ተተካ። ጫፍ ሲደርሱ ጋሽ ሽቅብ ሰዎች ከዳገት በኋላ ይመጣል የሚሉትን ደስታ በውስጣቸው ፈለጉ፤ ያገኙት ጥም ብቻ ነው። ውሃ ጠጡና ከታች የተዘረጋውን ከተማ ተመለከቱ። ልጅቱ ለወሬ ያህል ከሕንጻዎቹ ስንቱ በእጃቸው እንዳለፈ ጠየቀቻቸው። በጣታቸው ያሳዩዋት ጀመር። የዚያኛው በር ሰው ሳይገባ ይዘጋል፤ የወዲያኛው ዝናብ ሲጥል ያኮርፋል፤ የባንኩ ሕንጻ አስተዳዳሪ አሳንሰሩ በቆመ ቁጥር እሳቸው በሸፍጥ ያቆሙት ይመስለዋል። ዓመቱን ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ካወሩት ይልቅ በዚያ የኮረብታ ጫፍ ላይ ያወሩት በለጠ። ልጅቱ ተቀምጣ ሰማች፤ ከዚያም በስተግራ ያለውን ነጭ ሕንጻ፣ ሆስፒታሉን፣ አመለከተች።

«የዚያስ?»

«የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እልካለሁ።»

ጠርሙሱን ከደኑት።

«ሲወርድ ይንቀጠቀጣል» አሉ ቀጥለው። «እናትሽን ሲያወርዷት ሰምቼዋለሁ። የሚንሸራተትበት የግራው ሐዲድ ላልቶ ነው።»

ልጅቱ ከሕንጻው ወደ አባቷ ዞረች።

«በሽተኛ ይመላለስበታል እኮ፣ አባዬ።»

«አዎ» አሉ። ፊታቸው እንደቀድሞው ነበር። «ነገ ራሴ እሄዳለሁ።»

«እሑድ ስመጣ እንዴት እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

ቁልቁለቱን እሷ ቀድማ ጀመረች፤ እርምጃዋን ግን ወደ አባቷ እርምጃ ዝቅ አድርጋ ነበር።