የተፋቀው ኮዳ

እግረኛ ወታደር ተሸክሞት የኖረ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የጀመርሁት ለጸበል መያዣ ብዬ ነው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ለመሳለም በእግር ስሄድ የፕላስቲክ ጀሪካን በየድንጋዩ እየተጋጨ ይሰነጠቅብኝ ነበርና፣ ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ አንድ የወታደር ኮዳ ገዛሁ። ሁለተኛውን ግን ሳያስፈልገኝ ገዛሁት። ከዚያም ዝናሩ፣ የሸራ ሻንጣው፣ ታጣፊው አካፋ፣ የብረት ቆቡ ተከታትለው ቤቴ ገቡ። ጠመንጃና ጥይት አልነካሁም። ልቤ የሚሄደው ሰው ወደ ጠጣበትና ወደ ተንተራሰው ነበር።

ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው ጎልማሳ ከሩቅ ሲያየኝ፣ «አባ፣ ጦሩ እስኪሟላ ስንት ቀረዎት?» ይለኝ ነበር። እኔም ስንቅ ተሸካሚው እርሱ እንደሚሆን እነግረውና ተሳስቀን እንለያያለን።

እጄ ብራና ሲፍቅ የኖረ እጅ ነው። ከቅኔ ቤት ከወጣሁ በኋላ ብራና ማዘጋጀት ተምሬ፣ ቆዳን በድንጋይ እያሸሁ አለስልስ ነበር፤ በብራና ላይ እድፍ ማየት አልወድም። ኮዳም ሲገባልኝ የጨርቅ ልባሱን አውልቄ፣ በአመድና በአሸዋ አሽቼ፣ እስኪያበራ ድረስ አጥበዋለሁ። ታዲያ አንዱ ኮዳ ከሥሩ በምስማር የተጫረ ጽሕፈት ነበረበት። «ገብረ» የሚለውን አነበብሁ። ቀሪውን ለማንበብ መነጽሬን ከኪሴ ማውጣት ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ አላወጣሁም። የባለቤት ምልክት ያለበት ዕቃ ለጸበል አይገባም ብዬ ብራና በምፍቅበት ድንጋይ ፋቅሁት። ሥራዬም አማረኝ።

አምና፣ ከፍልሰታ ጾም በፊት፣ ከኩልመስክ አንዲት ሴት መጣች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳው ተጠግቷል። ብረት ሻጩ ነበር ወደ እኔ የመራት። መስቀል ተሳልማ ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ኮዳ ላይ ቀረ። ማንገቻውን በሁለት ጣቷ እያሻሸች፣ ከጥቁር በግ ፀጉር ፈትላ የገመደችው እርሷ ራሷ እንደሆነች ነገረችኝ።

ኮዳው የታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ ለመጨረሻ ጊዜ ፈቃድ አግኝቶ በመጣ ጊዜ፣ «ካልተመለስሁ ጓደኞቼ ይህን ኮዳ ያደርሱልሻል፤ የክርስትና ስሜን ከልባሱ ሥር ጽፌዋለሁ፤ ለካህን አሳይተሽ ጸሎት አስደርጊልኝ» ብሏት ሄደ። በቃሉ አልነገራትም። በእነርሱ ቤት፣ በእኛም ቤት እንደነበረው ሁሉ፣ የክርስትና ስም በመተተኛ ጆሮ እንዳይገባ ከእኅት እንኳ ይሰወራል። እናታቸው ስሙን ይዛ ሞተች፤ የክርስትና አባቱም፣ የንስሐ አባታቸውም አልፈዋል። ጓደኛው ያመጣውን ኮዳ የተቀበለው አጎቷ ነበር፤ እርሷ ባል አግብታ ሙጃ ከተማ ትኖር ስለነበር ሳትሰማ ዘመን አለፈ። አጎቷ ሲሞት ዕቃው ከብረታ ብረት ጋር ተሸጠ። እርሷም ነገሩን ከሰማች ወዲህ ኮዳውን ስትፈልግ ኖረች።

«ልባሱን ያውልቁልኝ አባ» አለችኝ። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ኮዳውን ከግድግዳው አወረድሁት እንጂ ልባሱን አላወለቅሁም። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋት። «ገብረ» የሚለውን እንዳስታውስ፣ ቀሪውን ግን እንዳላነበብሁ አልደበቅኋትም። እርሷ ራሷ ልባሱን ገፈፈችና ሥሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ምንም አልነበረበትም፤ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። በላስታ ስንቱ ወንድ በ«ገብረ» በሚጀምር ስም እንደተጠመቀ ሁለታችንም እናውቃለን።

ብዙ ጊዜ ለሐዘንተኛ የምለውን እርሷንም አልኋት፤ እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል አልኋት።

«እርሱማ ያውቃል አባ» አለች። «የማላውቀው እኔ ነኝ።»

ስትቆጣ ባያት ይቀለኝ ነበር። እርሷ ግን ልባሱን መልሳ ለማልበስ ስትታገል ቆየችና ጸሎቱ መቼ እንደሚደርስላት ጠየቀችኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጸሎተ ፍትሐቱን አደረስን። እርሷ ኮዳውን በነጠላዋ ሥር ታቅፋ በሴቶቹ በኩል ቆማ ነበር። የሟቹ ስም ከሚጠራበት ስደርስ «ገብረ» ብዬ ቆምሁ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ያለፍሁት ቦታ ነው፤ ያን ዕለት ማለፍ አቃተኝ። ዲያቆኑ የተሳሳትሁ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እርሷ የቤት ስሙን ተናገረች፤ በልጅነቷ ከማሳ ለምሳ ስትጠራው የምትጠራበትን ስም። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ነገር ግን ሁላችንም ሰማን።

በሥርዓቱ በዚያ ቦታ የሚጠራው ያ ስም አይደለም። አላረምኋት። ከእርሷ በኋላ ስሙን ልደግመው ይገባኝ ነበር፤ ደፍሬ አልደገምሁትም። ጸሎቱን ወደ ፊት ቀጠልሁ።