ልጣጩ የእርሷ ድርሻ ነበር

ምድር ፍሬን ከነዘሩ እንድታበቅል ያዘዘ፣ ፍሬውንም ለሰው ልጅ መብል አድርጎ የሰጠ፣ የሰጠንንም በፈቀደው ሰዓት የሚወስድ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ ስለ ፖም እጽፋለሁ። ሽማግሌ ስለ ፍሬ ምን የሚጽፈው አለው የሚል ቢኖር ይታገሠኝ። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልፏል፤ ስትለየኝ አደራ ያለችኝ ስለ ርስት ወይም ስለ ልጆች አልነበረም፤ ስለዚህ ፍሬ ነበር።

ፖምን ከማየቴ በፊት በስሙ አውቀው ነበር። በቅኔ ቤት ሳለሁ መምህራችን «ኮል» የሚለውን የግእዝ ስም ሲፈቱልን፣ ምን ይመስላል ብለን ጠየቅናቸው። «እኔም አላየሁት፤ መዓዛው ግን መልካም ነው ይባላል» አሉን። እኔም ይህን ለደቀ መዛሙርቴ ሳስተላልፍ ኖሬ፣ ፍሬውን በእጄ የያዝሁት እዚህ ሀዋሳ፣ ከሸበትሁ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ሕመም ነበር። ዕድሜዬን ዜማ ሳስተምር ተቀምጬ፣ በማኅሌት ደግሞ ቆሜ የኖርሁ ነኝና፣ እርጅና የሆድ ድርቀትንና የደም ግፊትን አስከትሎ መጣብኝ። በታቦር ክፍለ ከተማ፣ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ የጋሞ ደጋ ተወላጅ፣ በእምነቷ ፕሮቴስታንት፣ በአንደበቷ ደፋር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግፊቴን ለክታ ስታበቃ የሻይ ብርጭቆዬን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው።

«አባባ፣ ይኼ ሻይ ነው ወይስ ስኳር በውኃ?»

«የጾመ ሰው ትንሽ ይጣፍጠው እንጂ፣ ልጄ።»

«እንዲጣፍጥዎ ከሆነ በዚህ ሰዓት አንድ አፕል ይብሉ። አሰር፣ ፋይበር የሚሉት፣ አለው፤ ሆድ ያለሰልሳል፣ ቶሎ አያስርብም፣ ለልብም ደግ ነው። ክኒንዎን ግን አይተካም፤ እንዳይተዉ። ደግሞ አንድ ቀን በልቶ መተው አይደለም፤ ማዘውተር ነው።»

ባለቤቴ እንደ ተማሪዎቼ «የኔታ» እያለች ነበር የምትጠራኝ። ከጓዳ ሆና ሳቀች። «የኔታን ነው ማዘውተር ያልሻቸው? እሳቸው ከዜማና ከስኳር በቀር ያዘወተሩት የለም!»

እኔም በነርሷ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ትዝ ብሎኝ፣ «በእናንተ ሥዕል ላይ ሔዋን የያዘችው ይህንኑ ፍሬ አይደለምን? ደግሞ እኔን ልታስቺኝ?» አልኋት።

«በእናንተስ ምንድን ነው የበላችው?»

«በለስ።»

«እንግዲያው በእናንተ ቤት አፕል ንጹሕ ነው፤ ምን ያስፈራዎታል?» አለች። ረታችኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ እየወረደች፣ ከጨንቻ በካርቶን የሚመጣውን ፖም ትገዛ ጀመር። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ያብረቀርቃል፤ እርሷ ግን ትንሹን፣ ጠንከርና ኮምጠጥ የሚለውን የደጋውን መረጠች። በጾም ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ ከምግብ አስቀድመን የምንቀምሰው እርሱን ሆነ። በፍስክ ቀን ደግሞ የሻዩን ሰዓት ወረሰ።

በእኛ ወገን ለታላቅ ሰው ፍሬ ከነልጣጩ ማቅረብ ነውር ነው። ባለቤቴ በትንሽ ቢላዋ ዙሪያውን ሳይበጠስ ልጣ፣ ነጩን ቆራርጣ በሳሕን ታቀርብልኝ ነበር። ልጣጩን ግን አትጥለውም። በጉልበቷ ላይ ሰብስባ፣ እኔን እያየች ቀስ ብላ ትበላዋለች። ተዪው፣ ከዚህ ውሰጂ ብላትም «ጣፋጩ ይሄ ነው፤ የኔታ አልነቁም» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ነርሷ በዚህ ላይ ደረሰችብን። በሩ ላይ ቆማ እጆቿን አጨበጨበች።

«እማማ ጉድ ሠሩዎት፣ አባባ! ከአሰሩ ብዙው ያለው ልጣጩ ላይ ነው። በደንብ ታጥቦ ከነልጣጩ ነው የሚበላው።»

«በይ እንግዲህ፣ አንቺ ሴት፣ ድርሻዬን አምጪ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ባለቤቴ ልጣጩን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «አልሰጥም! መምህር ልጣጭ ሲያኝክ ቢታይ ተማሪዎቹ ምን ይላሉ? ነጩም ይበቃዎታል።»

በእውነትም በቃኝ፤ ወራት ሲያልፉ ሆዴ ቀለለኝ፣ ስኳሩም ቀረ፣ ግፊቴም ከክኒኑ ጋር ረጋ። በማኅሌት መቋሚያዬን ተደግፌ እስከ ፍጻሜው መቆም ቻልሁ። እርሷም በሴቶች በኩል ሆና ታየኝ ነበር፤ ስንወጣ «ዛሬ አልተቀመጡም» ትለኛለች፣ የራሷ ሥራ እንደሆነ ሁሉ። በእርግጥም የራሷ ሥራ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ብርድ መታት፤ ወደ ሳንባዋ ወረደ። ሆስፒታል ተኝታ ወጣች፤ ነገር ግን አቅሟ አልተመለሰም። ምግብ ሁሉ ሲያስጠላት ነርሷ ፖም ቀቅላ፣ አድቅቃ አመጣችልን፤ በማንኪያ እኔ አጎርሳት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያጎረሰችኝን ሴት ያጎረስኋት በዚያ ሳምንት ነው። ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሳ አፏን ዘጋችና እጄን ያዘች።

«የኔታ፣ አደራ። እኔ ስሄድ ፖሙን እንዳይተዉ። ለማኅሌት መቆም አለብዎት።»

«አንቺ ሳትኖሪ ማን ይልጥልኛል?»

«እጅ የለዎትም?» አለችኝ፤ ልትስቅ ስትል ሳል ያዛት።

ቀበርናት። ደቀ መዛሙርቴ ፍትሐቷን አደረሱ፤ እኔ ግን ያስተማርኋቸውን ዜማ አብሬ ልል ድምፄ እምቢ አለኝ። በድንኳኑ ውስጥ የሐዘንተኛ ሻይ ጣፋጭ ነው፤ ሁሉም «ለነፍሷ ሲሉ ይቅመሱ» እያለ ያቀርብልኛል፣ እኔም እጠጣለሁ። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላም ሻዩ ቀጠለ። ፖም ግን ቤቴ አልገባም። በመናኸሪያ በኩል ሳልፍ ካርቶኖቹን እንዳላይ ፊቴን አዞር ነበር። ሆዴ ወደ ቀድሞው ደረቀ፤ ግፊቴ ወጣ፤ በአንድ የክብረ በዓል ሌሊት መቋሚያው አላቆመኝ ብሎ ከማኅሌቱ መካከል ደግፈው አስቀመጡኝ።

ነርሷ ለክታኝ መሣሪያውን ስትጠቀልል ድምፅዋ ተለወጠ። «አባባ፣ ሐዘኑን ይተዉ አልልም። ግን እማማ ያቆሙትን ሰው እርስዎ እየጣሉት ነው።»

ይህን የሰማች ልጄ በማግሥቱ ፖም ይዛ መጣች። እናቷ ስታደርግ ያየችውን ሁሉ አደረገች፤ ልጣ፣ ቆራርጣ፣ በሳሕን አቀረበችልኝ። ነጩን ፍሬ አየሁት፤ ከዚያ ጉልበቷን አየሁ። ባዶ ነበር።

«ልጣጩስ?»

«ጣልሁት፣ አባዬ።»

«የት?»

«ጓዳ የቆሻሻ ዕቃው ውስጥ ነዋ። ምን ያደርግልዎታል?»

«አጥበሽ አምጪልኝ።»

ግራ ገብቷት አመጣችው። ከእናቷ እጅ ይልቅ ወፍራም አድርጋ ነበር የላጠችው፤ ተቆራርጧል። አንዱን ወደ አፌ አደረግሁ። ጠንካራ ነበር። በጎን ጥርሴ ባኝከው ይንሸራተታል፤ ባኝከው አያልቅም፤ ጥቂት ይመራል። ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት፤ ባለቤቴ መንጋጋ ጥርሶቿን ካጣች ዓመታት አልፈው ነበር። በፊት ጥርሶቿ እየቆረጠች፣ በድዷ እያላመጠች፣ እኔን እያየች ነበር የምትበላው። ጣፋጭ አልነበረም። ነጩ ነበር ጣፋጩ።

«አባዬ፣ ምን ሆኑ? ለምን ያለቅሳሉ?»

«እናትሽ ብልጥ ነበረች» አልኋት።

የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ፤ ነጩንም ልጣጩንም። ዛሬም እበላለሁ። ልጄ መላጥ ትታለች፤ አጥቤ እኔው እቆርሰዋለሁ፤ እጅ አለኝና። ሆዴ ቀሎኛል፤ ክኒኔንም አላቋረጥሁም፤ ባለፈው በዓል እስከ ፍጻሜው ቆሜአለሁ። ስወጣ ወደ ሴቶች በኩል ዞር አልሁ፤ «ዛሬ አልተቀመጡም» የሚለኝ ግን አልነበረም። ጤና መልካም ነገር ነው፤ የሚያይልህ ሰው ሲጎድል ግን ጤናም ይከብዳል። ብቻውን የቀረ ሰው ይህን ሸክም እስኪጠራ ድረስ ይሸከመዋል፤ አደራ ነውና።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ልጣ ያቀረበችላችሁን እጅ እግዚአብሔር ያቆይላችሁ። በማዕዳችሁ የጣመውን ለሌላው የሚተው አይጥፋ፤ የተወላችሁንም በሕይወት ሳለ ታውቁት ዘንድ ዓይነ ልቡናችሁን ያብራ። ቤታችሁን በጤና ይጠብቅ፤ የሄዱብንንም በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።