ነገሳ ያላየው ወንዝ

መምህር ነገሳ አሰላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሲያስተምር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ወር ሥልጠና ወደ ላንዡ ሄዶ ነበር። ላንዡ በሰሜን ምዕራብ ቻይና ያለች፣ የጋንሱ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት።

ስለ እሷ ሲያወራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በሁለት ተራሮች መካከል እንደ መቀነት ተዘርግታለች፤ ቢጫ ወንዝ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የጥንት የሐር ነጋዴዎች ወንዙን የሚሻገሩት በእሷ በኩል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካ ከተማ ናት። ይህን ሁሉ ካስረዳ በኋላ፣ «ወንዙን የሚያሻግረው የብረት ድልድይ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ይታዩኝ ነበር» ይላቸዋል።

አላየም። በደረሰ በሁለተኛው ቀን ብቻውን ወጥቶ መንገድ ጠፋበት። ካርታ የሚያስተምር ሰው አስፋልት ዳር ቆሞ አለቀሰ። አንድ ፖሊስ እጁን ይዞ ወደ ማደሪያው መለሰው። ከዚያ በኋላ አገሩ እስኪገባ ድረስ ከግቢው ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ኅዳር ዘይቱና መጣች። የድሮ ተማሪው ናት፤ የእሱ ወሬ ስቧት ላንዡ ድረስ ሄዳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምራ ተመልሳለች። ርዕሰ መምህሩ ለተማሪዎቹ እንድትናገር ጋበዟት። የከተማው ሰው ጠዋት ጠዋት ስለሚበላው የበሬ ሥጋ ሾርባ በፓስታ፣ ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቿ፣ ወንዙ ጠራርጎ ስለሚያመጣው አፈር አወራች። «ውሃው የወተት ሻይ ነው የሚመስለው» አለች።

ለሊሴ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር ያዩዋቸውን ዓሣዎች አንቺም አየሻቸው?»

ዘይቱና ከኋላ የቆመውን ነገሳን አየችው። «አንዳንዴ ውሃው ይጠራል» አለች። «ዕድለኛ ሰው ያያቸዋል።»

የነገሳ ጆሮ ጋለ። ዓይኑን ከጫማው ላይ ማንሳት አቃተው።

ሲወጡ በር ላይ ጠበቃት። «ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ጋሼ፣ እዚያ እንደደረስኩ ግማሽ ቀን ድልድዩ ላይ ቆሜ ዓሣ ስፈልግ ዋልኩ። ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ነበር።»

«ተቀይመሽኛል።»

«ያኔ ተቀይሜ ነበር። ዛሬ ግን ልጆቹ እንዲስቁብዎ አልፈለግኩም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሰኞ ክፍል ገብቶ ጠመኔውን ሳያነሳ ተናገረ። «ድልድዩን አላየሁትም። መንገድ ጠፍቶብኝ አልቅሼ ነው የተመለስኩት።» ሁለት ልጆች ሳቁ። 

«ተራሮቹስ? ፋብሪካውስ?» አለች ለሊሴ።

«እነሱ እውነት ናቸው፤ ግን ከመጽሐፍ ያገኘኋቸው ናቸው።»

ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ ስለ ዓሣዎቹ የጻፈችውን መስመር ሰረዘች።

በሁለተኛው ሴሚስተር የእስያን ምዕራፍ ዘይቱና እንድታስተምርለት ለመናት። እሷ ስታስተምር እሱ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። አንድ ቀን ውሃው በእርግጥ የሚጠራበት ጊዜ አለ ወይ ብሎ ሊጠይቃት ፈለገ፤ እጁን ግን አላወጣም።