ለሚያድግ ልጅ የተሠራ ባና

ዝናብ ሲጥል ባናው ይሸታል። ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርገው የበግ ጠጉርና የቅቤ ሽታ ቀስ እያለ ይነሣል፤ ደባርቅም አብራው ትመጣለች፤ ጉሙ፣ የባሕር ዛፉ ሹክሹክታ፣ በሊማሊሞ ቁልቁለት የሚያቃስቱት የጭነት መኪኖች።

በደርግ ጊዜ ነው። ለትምህርት ከጃናሞራ መጥቼ ደባርቅ አክስቴ ዘንድ እኖር ነበር። አክስቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች ለሸማኔ ትሰጥና የተሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባናውን፣ ገበያ ታወጣለች። የምንበላውም የምማረውም በዚያ ነበር። ለገበያ ስትፈትል እንዝርቷ ይፈጥናል፤ ከጎረቤት ጋር ታወጋለች፣ ትስቃለች፣ ክሩ ቢወፍርም ግድ የላትም። “ገዢ ክብደቱን እንጂ ክሩን አያይም” ትል ነበር።

አንድ ያላት ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በሊማሊሞ ከወረደ በኋላ ግን ሌላ ፈትል ጀመረች። የጥቁር በግ ጠጉር ብቻ፣ ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ፣ ዝም ብላ። ክሩ እንደ ጥጥ ፈትል ቀጠነ።

ሸማኔው በክንዱ ልለካ ሲል ከለከለችው። በራችን ጉበን ላይ፣ ልጇ ጎንበስ ማለት እየረሳ ግንባሩን የሚመታበት ቦታ ነበር። ከዚያ እስከ ደፉ ገመድ ዘረጋችና፣

“ይኸው ልኩ። አንድ ክንድ ደግሞ ጨምርበት” አለችው።

“ምነው እትዬ፣ ጅራት ሊያበቅል ነው?”

“ልጅ አይደል? ገና ያድጋል።”

ባናው አልቆ መደቡ ላይ ታጥፎ ተቀመጠ። ማንም አይለብሰውም። ከልጁ ወሬ ጠፋ።

የአገሩ በጎች ባለቁበት ዓመት የሚፈተል ጠጉር አልነበረም። እኔም ትምህርቴን ትቼ ወደ ጃናሞራ እንድመለስ ይወራ ጀመር። ከጎንደር የሚመጣው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ ዓይኑን ወደ መደቡ ወረወረ።

“እትዬ፣ ያንን አይሸጡትም? ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ።”

“እሱ ባለቤት አለው።”

“ባለቤቱ ማን ነው? በዚህ ርዝመት ግመል ነው እንዴ?”

“አንተን የሚያህል ሁለት ያስተኛል። በል ሂድ!”

ነጋዴው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከሄደ በኋላ ግን ባናውን ፈትታ፣ በእጇ ዳብሳ፣ መልሳ አጠፈችው። በማግሥቱ ሌላ ባና ይዛ ገበያ ወጣች፤ የራሷን፣ ለብሳው የምትተኛውን። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እሷ የዚያን ዓመት ብርድ በጋቢ አሳለፈችው፤ የልጇ ባና ከራስጌዋ ታጥፎ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ ሳይነጋ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አንድ ጥቅል ገፋችልኝ። ሳላየው በጠረኑ አወቅሁት።

“የሱ አይደለም እንዴ?”

“ልበሺው። ጠጉር ሳይለበስ ከቆየ ብል ይበላዋል።”

ተጠቀለልኩበት። ዳባት እስክንደርስ የተሰማኝ ሙቀቱ ብቻ ነበር። ዳባት ላይ ጉሙ ተገፍፎ ፀሐይ በመስኮቱ ገባችና ያንን እንደ ጥጥ የቀጠነ የባናውን ክር አየሁት። አክስቴ ልጇን መጠበቅ እንዳቆመች ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቴን ሸፈንኩበት፤ አጠገቤ ያሉት ሴት “በረደሽ፣ ልጄ?” አሉኝ።

ዛሬም ለብሼው ስተኛ እግሬ ጫፉን አግኝቶት አያውቅም። ይደግበት ብላ የጨመረችው ክንድ ከግርጌዬ እንደታጠፈ ያድራል።