የሐሙሱ ሾርባ

ወንድሜ ማክሰኞ ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ። እኔ መርዶውን የተረዳሁት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው። በመካከል ያሉትን ቀናት ፍራንክፈርት ያለ የሚያውቀኝ ሐበሻ ሁሉ እያወቀ፣ እኔ ብቻ ሳይነገረኝ አሳለፍኳቸው። ይህ ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ምስጢሩን እንዲጠብቅ የተመረጠው ሰው ነው፤ አንዲት ጀርመናዊት፣ ጡረታ የወጣች የትራም ሹፌር፣ ውሸት በአጠገቧ አልፎ የማያውቅ ሴት።

ነገሩ የሆነው የዓለም ዋንጫው እዚህ ጀርመን በተካሄደ በዓመቱ ነው። ፕሮይንገስሃይም በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ከገባሁ ገና አንድ ክረምት ማለፉ ነበር። ዕድሜዬን በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሰው ደም ስመረምር ኖሬ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ሲለኝ፣ ልጅም ባልም የለኝ፣ እዚያ አንድ ክፍልና ትንሽ ማብሰያ ያላት ቤት ተከራየሁ። የኛ ሰዎች ከንፈራቸውን እየመጠጡ ጎበኙኝ። የሐበሾች ማኅበራችን ሰብሳቢ በተማሪነት ዘመን አብራኝ የመጣች፣ ግሪስሃይም ሰፈር የምትኖር ሴት ናት። በራፌ ላይ ቆማ፣

«አንቺ፣ ሰው የለሽም እንዴ? አልተርስሃይም፣ የሽማግሌ መጦሪያ ትገቢ?» አለችኝ።

«መጦሪያ አይደለም፣ ቤቴ ነው። የራሴ ቁልፍ አለኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ለደካሞች የተተከለውን የእጅ መደገፊያ ብረት ትኩር ብላ አየችው። ያ አስተያየቷ አንጀቴን አሳረረው።

እልህ ያዘኝና በቤቱ ያለውን ሁሉ መሞከር ጀመርኩ። ሐር ጨርቅ ላይ አበባ መሳል ገባሁ፤ የሳልኩት አበባ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ተሕዋስ መሰለ። ካርታ ጨዋታ ገባሁ፤ ስሸነፍ የማኮርፍ ሰው ስለሆንኩ ብዙም ሳይቆይ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። የማስታወስ ልምምድ በሚሉት ደግሞ የልጅነት መዝሙራችሁን አስታውሱ አሉ፤ እነሱ ሁሉ አንድ መዝሙር ሲቀባበሉ እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የቀረኝ ውሃው ብቻ ነበር።

ምድር ቤት ውስጥ ደረት የሚደርስ ሙቅ ገንዳ አለ። ሐሙስ ጠዋት አሮጊቶች እየገቡ እጅ እግራቸውን ያፍታታሉ። እኔ ውሃ እፈራለሁ። ያደግነው ደብረ ዘይት ነው፣ ሆራ ሐይቅ አፍንጫችን ሥር፤ ታላቅ ወንድሜ ከውሃው አይወጣም ነበር። አንድ ቀን እሱን እከተላለሁ ብዬ ስሰጥም በፀጉሬ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ዘንድ ስሜ «ድንጋይዋ» ሆኖ ቀረ፤ እኔም ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን በመዋኛ ልብሴ ላይ ጋውን ደርቤ፣ እስከ አንገቴ ሸፍኜ ወረድኩ። ገንዳው ውስጥ የቆመች አንዲት ረዥም ሴት ጮክ ብላ፣ «ማንም አያይዎትም እኮ! እዚህ ሁላችንም ያረጀን ከረጢቶች ነን» አለችኝ። ሹፌሯ ይህች ናት። በሯ ከበሬ ትይዩ ነው። በሳምንቱ እጇን ዘርግታ «አንቱታውን እንተወው» አለችኝ፤ ጀርመን ደግሞ እንዲህ የሚለው አስቦበት ነው። የምታስበውን ሳታጣፍጥ ትናገራለች፤ ወጥሽ ይለበልባል፣ ፀጉርሽ ዛሬ አላማረም፣ አሁን ሂጂ ደክሞኛል። መጀመሪያ ታናድደኝ ነበር። ኋላ ግን ከእሷ ጋር ስሆን ትከሻዬ እንደሚላላ አስተዋልኩ፤ ምን ለማለት ፈልጋ ይሆን እያልኩ መጨነቅ የለብኝም።

ስለ እናቴ የነገርኳትም ለዚህ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ እዚህ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ጓደኞቼ ፈተናዋ ይለፍ፣ ብርዱ ይለፍ እያሉ ለብዙ ወራት ደበቁኝ። በዚያን ጊዜ ሁሉ ለሞተች እናት ደብዳቤ እጽፍ ነበር። «ከእንግዲህ እያወቀ የሚደብቀኝን ሰው ዓይኑን አላይም» አልኳት። ሹፌሯ የገንዳው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠች «እኔ መዋሸት አልችልበትም፣ አትስጊ» አለችኝ።

እሑድ እሑድ በስልክ ካርድ ለወንድሜ እደውላለሁ። የልብ ሕመም ነበረበት። ውሃ ውስጥ መግባቴን ስነግረው ሳቁ ወደ ሳል እስኪቀየር ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ሰላምታው «ድንጋይዋ ተንሳፈፈች?» ሆነ። «ገና ናት» እለዋለሁ። «የተንሳፈፈች ዕለት እሑድን እንዳትጠብቂ፤ ያኔውኑ ደውይልኝ» አለኝ። ይህን ለሹፌሯ አጫወትኳት። ቃሉን ወደደችውና ከአማርኛ ያንን ብቻ ተማረች። በኮሪደሩ ስታገኘኝ «ዲንጋይ!» እያለች ትጠራኝ ጀመር።

ወንድሜ ሲሞት ባለቤቱ እንደ ወጉ የደወለችው ለኔ ሳይሆን ለሰብሳቢዋ ነው። ቀብሩ በማግስቱ ስለሆነ ብነሳም አልደርስም። ሰብሳቢዋ ኤርፖርትና ሆስፒታል የሚሠራው ሰው ሁሉ ከፈረቃው የሚሰበሰብበትን ቅዳሜን ለመርዶው ቆረጠች። ችግሩ የመኖሪያው የውጭ በር ነበር፤ እስኪረፍድ ተቆልፎ ስለሚቆይ ከውስጥ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ረቡዕ፣ እኔ ሐኪም ዘንድ ሳለሁ፣ መጥታ የሹፌሯን በር አንኳኳች። የተባባሉትን ኋላ ሁለቱም በየፊናቸው ነግረውኛል።

ሹፌሯ «ዛሬውኑ ይነገራት» አለች።

«ብቻዋን አንነግራትም። እኛ እንደዚያ አናደርግም።»

«እናቷንም ደብቃችኋታል። ነግራኛለች። እኔ እንደዚያ አላደርጋትም።»

ሰብሳቢዋ ያኔ ከደበቁኝ ልጆች አንዷ ነበረች። ቀስ ብላ፣ «ይዋሹ አላልኩም። እስከ ቅዳሜ ዝም ይበሉ ነው ያልኩት። የሚይዛት ሰው ሳይኖር ከሰማች ራሷን ትፈጠፍጣለች። ስልክ እንዳትደውል ይጠብቋት። ደግሞ ያብሏት። መርዶ ከሰማች በኋላ እህል አትቀምስም» አለቻት።

«ከጠየቀችኝስ?»

«አትጠይቅዎትም።»

«ከጠየቀችኝ እናገራለሁ» አለች ሹፌሯ።

«ከተናገሩ ቅዳሜ ከመካከላችን እንዳላይዎት» ብላት ወጣች።

እኔ ከሐኪም ስመለስ እንደ ልማዴ በሯን አንኳኳሁ። «ዛሬ አልችልም» አለችኝ፣ በሩን ሳትከፍት። ራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ከሳህኗ ዓይኗን አታነሳም።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«ልነግርሽ አልፈልግም» አለች።

በዚህ ዕድሜዬ ያገኘኋትን አንድ ጓደኛ ምን ብዬ እንዳስቀየምኳት ሳወጣና ሳወርድ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። ሰብሳቢዋ ትክክል ነበረች አልኩ፤ ሰው የለኝም።

ሐሙስ ገንዳው ውስጥ አገኘኋት። መንሳፈፍ የምታለማምደኝ እሷ ናት። በጀርባዬ እተኛለሁ፣ መዳፏን ከማጅራቴ ሥር ታደርጋለች፣ ሰውነቴ ሲፍታታ ቀስ ብላ ለመልቀቅ ትሞክራለች። ሁልጊዜ «አትልቀቂኝ!» ብዬ የምጮኸው እኔ ነኝ። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ስለሆነ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ግን ድንገት ወገቤ ቀለለኝ፣ እግሬ ብቻውን ከፍ አለ።

«ልቀቂኝ» አልኳት።

አልለቀቀችኝም።

«ልቀቂኝ እንጂ! አሁን እችላለሁ!»

ከላይ ፊቷ ይታየኛል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ከተንሳፈፍኩ ያኔውኑ ወደ ስልኩ እንደምሮጥ ታውቃለች። እኔ ግን ቂም የያዘችብኝ፣ ደስታዬን የነፈገችኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጮህባት እጇን ወሰደች፣ ተንሳፈፍኩ። የጣሪያውን መብራት እያየሁ፣ ውሃው ተሸክሞኝ፣ ማንም ሳይዘኝ። አሮጊቶቹ አጨበጨቡልኝ። ሆራ ትዝ አለኝ፣ ፀጉሬን የያዘው የወንድሜ እጅ ትዝ አለኝ፣ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

«አሁን ልደውልለት ነው!» ብዬ ወጣሁ። ፀጉሬን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ልብሴን እንደነገሩ አጥልቄ ወደ አሳንሰሩ ስሮጥ ሹፌሯ ውሃ እያንጠባጠበች ቀደመችኝ። በሩ ላይ ቆመች።

«መጀመሪያ ብይ» አለችኝ።

«ደውዬ እመጣለሁ።»

«መጀመሪያ ብይ!»

ክንዴን ይዛ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ወሰደችኝ። ግራ ገባኝ። ይህች ሴት ብበላ ባልበላ ጉዳይዋ አልነበረም፤ አንድ ቀን እንኳ ጋብዛኝ አታውቅም። አሁን የምስር ሾርባ በቋሊማ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ለራሷ አላመጣችም። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ለመነሳት ስል ትከሻዬን ተጭና አስቀመጠችኝ።

«በቃኝ» አልኳት።

«አልበቃሽም። ጨምሪ።» ዳቦ ቆርሳ አስጠጋችልኝ። «እባክሽ።»

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ስንት ቤት ሄጄ አድርጌዋለሁ፤ ነገ መርዶ የሚነገረውን ሰው፣ ትንሽ እህል በሆዱ ይደር ብዬ፣ በሞቴ እያልኩ አብልቻለሁ። ጀርመን ሰው በግድ አያበላም። ይህን ያስተማራት የኛ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ያለኝ አንድ ወንድም ብቻ ነው።

ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ብጠይቃት እንደምትመልስልኝ አውቅ ነበር፤ ጥያቄዬን እየጠበቀች፣ እየፈራችም ነበር። ጠረጴዛውን ገልብጬ መጮኽ ፈልጌ ነበር። ግን ከአፏ ካልወጣ ወንድሜ አልሞተም አልኩ፣ እንደ ሕፃን። ደግሞም የማትችለውን ነገር ለኔ ብላ እየቻለች እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁ። እናቴን የደበቁኝ ልጆች፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተቀየምኳቸው፣ እነሱም እንዲህ እየተጨነቁ ይሆን ያበሉኝ የነበረው? ይህ አስቤው የማላውቀው ነገር ነው።

ሾርባውን በላሁት። ጨው አልነበረውም። ሳህኑን በዳቦው ጠርጌ ስጨርስ፣

«ስልኩ ዛሬ ይቅር። እሑድ እደውላለሁ» አልኳት።

ሹፌሯ ራሷን ነቀነቀች።

ዓርብ የመከራ ቀን ነበር። ቤቴን ጠረግሁ፣ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ፣ ጥቁር ቀሚሴን ተኮስኩ። እንባዬ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧ እከፍታለሁ። ሹፌሯ ጋዜጣ ይዛ እኔ ዘንድ ዋለች፤ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠችም። ቀሚሱን ስተኩስ አየች፣ ወንበሮቹን ሳስጠጋ አየች፣ ተነስታ አገዘችኝ። አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ፣ ድምፁን ያጠፋ ኮቴ፣ በኮሪደሩ ሲመጣ ሰማሁ። ሳያንኳኩ በሬን ከፈትኩ። ጥቁሬን ለብሻለሁ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄአለሁ። ሰብሳቢዋ ከፊት ነበረች። አለባበሴን ከላይ እስከ ታች አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ቁልፉን ይዛ ግድግዳው ጥግ ወደቆመችው ሹፌር ዞራ በጀርመንኛ፣

«ነገሯት! ለሦስት ቀን እንኳ አልቻሉም! ይውጡልን!» አለቻት።

«አልነገርኳትም» አለች ሹፌሯ። ማንም አላመናትም። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለመሄድ ዞረች።

«አልነገረችኝም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ። «ሐሙስ ዕለት አበላችኝ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሰብሳቢዋ ሄደችና ሹፌሯን ክንዷን ይዛ መለሰቻት፤ ከጎኔ፣ የቅርብ ዘመድ በሚቀመጥበት አስቀመጠቻት። ከዚያ ፊቴ ቆማ የወንድሜን ስም ጠርታ ማረፉን ነገረችኝ።

ያወቅሁት ነገር ነበር፤ ሆኖም ሲነገረኝ እንዳላወቅሁት ሆነብኝ። ወለሉ ላይ ወድቄ ደረቴን እየደቃሁ «ድንጋይዋ ተንሳፈፈች፣ ወንድሜ! ድንጋይዋ ተንሳፈፈች!» እያልኩ ጮኽኩ። የኛ ሰዎች ምን እንደምል ግራ ገብቷቸው ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የገባት ሹፌሯ ብቻ ናት። ከጎኔ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ መዳፏን ከማጅራቴ ሥር አድርጋ ያዘችኝ።