ዕጣውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ

ይህን ነገር እስከ ዘንድሮ ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ለልጆቼ አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ዘንድም ሄጄ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን ዘልዬ ተመልሻለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ ይከብደኛል። ይህን ግን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈልግም። የምታነቡት ስሙኝና ፍረዱ።

ኪሌሌሽዋ በሚባል የናይሮቢ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። የልጅ ልጄ ሩት እዚሁ ናይሮቢ የተወለደች ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር የትምህርት ክፍላቸውን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ምክር ቤት ትመራ ነበር፤ እነሱ ካውንስል ይሉታል። ቅዳሜ ሕንፃቸው ስለሚዘጋ እኔ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። የተማሪውን አቤቱታ ለመምህራኑ ያቀርባሉ፣ አዲስ የመጣውን ያለማምዳሉ፣ ያለችውን ትንሽ ነገር ያከፋፍላሉ። ከሁሉም የምታጣላቸው አንዲት ክፍል ነበረች። በርና ጠረጴዛ ያላት፣ ጸጥ ያለች ክፍል ናት። የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚጨርስ አንድ ተማሪ በየዓመቱ ትሰጣለች።

በዚያ ዓመት አራት ሰዎች ጠየቋት። የካውንስሉ ልጆች ሲጨቃጨቁ ሰልችቶኝ ከማድ ቤት ወጣሁና «ዕጣ አውጡ!» አልኳቸው። አገር ቤት እንደሚደረገው ማለቴ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይሰጣል፣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አንዱን ያወጣል። ደስ አላቸው። «ሾሾ ታውጣልን! ሾሾ አታዳላም» አሉ። እዚህ አገር አያት ሾሾ ናት። እውነት ነው፣ ሰው የሚያውቀኝ በዚያ ነው። እኔ ቤት ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይበላል፤ አምባሳደርም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል።

ከአራቱ ሁለቱን አውቃቸው ነበር። አኪኒ ሕፃን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከሩቁ ካሳራኒ ልጇን አዝላ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እየተጋፋች የምትመጣ ሴት ናት። ዴኒስ ደግሞ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከላቪንግተን የሚያብረቀርቅ መኪና እየነዳ የሚመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ልጅ ነው። ለዚህ ደግሞ ምን ክፍል ያስፈልገዋል? ቤቱ ስንት ክፍል አለው? ብዬ በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። ጠይቄው ነበር? አልጠየቅኩትም።

በዕጣው ቀን ጠዋት የአኪኒ ልጅ የእጅ ዶቃ ተበጥሶ እኔው ሰካሁለት። አንዲት ትልቅ የእንጨት ዶቃ ተረፈችና አኪኒ ኪሷ ከተተቻት። ከሰዓት በኋላ ሩት የአራቱን ምልክት ሰብስባ በጨርቅ ከረጢት ሰጠችኝ። እጄን ከተትኩ። ጠጠር ነካሁ። የእስክሪብቶ ክዳን ነካሁ። ከዚያ ያቺ ዶቃ ጣቴ ላይ መጣች።

«ይቺን አውቃታለሁ፣ ሌላ ሰው ያውጣ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ማን ያዘው? ማንም አልያዘውም። አወጣኋት። እጄ ስቶ አይደለም፣ አውቄ ነው ያወጣኋት። ያወጣኋት እኔ ነኝ።

አኪኒ አለቀሰች፣ ሰዉ አጨበጨበ። መጀመሪያ ተነስቶ እጇን የጨበጣት ዴኒስ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አመሰገነኝ፤ «አሳንቴ ሾሾ፣ ባንቺ እጅ መሸነፍ አያስቆጭም» አለኝ። ፈገግ አልኩለት። እንዴት አድርጌ ፈገግ አልኩ?

ከወራት በኋላ ሩት ሳህን እያደራረቀች «ዴኒስ እኮ ትምህርቱን ተወ» አለችኝ።

«ምን ጎድሎት? ያን የመሰለ ቤት እያለው!»

«የምን ቤት፣ እማማ? የዚያ ቤት ድራይቨር ነው! የሚያድረው ከጋራዡ ጀርባ ከዘበኛው ጋር ነው። ቴሲሱን የሚጽፈው እኮ መኪና ውስጥ ነበር።»

እጄ ላይ የነበረውን ጭልፋ አስቀመጥኩ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ የእቁብ ሴቶች ዕጣ አውጪልን ሲሉኝ እጄን ያመኛል እላለሁ። አያመኝም። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ሸፈንኩ። ደግሞ «ይሄ ፍትሕ አይደለም!» እያልኩ በሰው ላይ መጮኼንም አልተውኩም። ማን ነኝና?

እንዲህ ስድስት ዓመት ሄደ። ዘንድሮ አልቻልኩም። ሩትን «ዴኒስን ፈልጊልኝ» አልኳት። ዴኒስ ታክሲ ይነዳል፤ ደጄ ድረስ መጣ። ከፊት ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩና በዚያች በተሰባበረች ስዋሂሊዬ ነገርኩት። ሞተሩን አጠፋ።

«የማን እንደሆነች አውቀሽ ነው ያወጣሻት?»

«አውቄ ነው።»

ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ «ሾሾ፣ እኔ እኮ የእግዚአብሔር መልስ ነው ብዬ ነው የተውኩት» አለኝ። «ጾሜ፣ ለምኜ ነበር። ትምህርት ያንተ አይደለም ያለኝ መሰለኝ።»

«እሱ አይደለም ያለህ። እኔ ነኝ» አልኩት።

መሪውን በቡጢ መታ። «ስድስት ዓመት!» ብሎ ጮኸብኝ። ሲደክመው ሳቀ፤ እንባው እየወረደ ሳቀ። «እንግዲያው እሱ እምቢ አላለኝም» አለ።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ካውንስሉ ፊት ቆምኩ። ልጆቹ አዲስ ናቸው፤ አንዳቸውም በዚያ ቀን አልነበሩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን መትቼ «ክፍሏን ዘንድሮ ለዴኒስ ትሰጡታላችሁ!» አልኩ። ሩት ከጎኔ ነበረች።

«እማማ! አሁንም ልትመርጪ ነው?»

ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በአንድ ቃል ተቀምጬ አላውቅም።

ካውንስሉ ለመምህራኑ አቤት አለለትና ዴኒስ ካቆመበት እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ስለ ክፍሏ «እንደ ሰው ሁሉ ዕጣ እገባለሁ» አለ። ገባ። ያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ወደ ከረጢቱ አልቀረብኩም። ክፍሏ ለአንዲት ልጅ ወጣች።

«ደግሞ ተሸነፍኩ፣ ሾሾ!» አለኝ ማድ ቤቱ በር ላይ እየሳቀ። «የዛሬው ግን የእውነት ነው።»

አልተወም። ማታ ማታ ይነዳል፣ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ሩት ሁለተኛውን ምዕራፍ ጨረሰ ስትለኝ፣ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ እንደ ተነሳ ይሰማኛል። ንስሐ አባቴም ዘንድ ሄጄ የዘለልኩትን ነገርኩ፤ ቀኖናዬን ተቀብዬ እየሰገድኩ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፣ ይህ እንኳ ውሸት አይደለም። ሌሊቱን ግን እተኛለሁ።

አኪኒ ተቸግራ ነበር ብዬ አላመካኝም። አኪኒ አላጭበረበረችም፣ ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ። ለድሃ ማዘን ሌላ ነው፤ ሰው አምኖ የሰጠኝን ዕጣ መስረቅ ሌላ ነው። ስድስቱን ዓመት ከየት አምጥቼ እመልስለታለሁ?

ዴኒስ እስከ ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም። ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ፤ ደግሜ አልጨቀጭቀውም። አንድ ቀን ቢለኝ ደስ ይለኛል። ባይለኝም ፍርዱ የእሱ ነው፤ በዚህ እጄን አላስገባም።